ሰው አልተገኘም ስለተባለበት ሐሙስ የቀረበ ቅሬታ

ለቤት ኪራይ ድጋፍ ቫውቸር ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የቫውቸሬ ቀሪ ቀናት እንዲመለሱልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ፋይሌ እናንተ ዘንድ ስላለ ከመጀመሪያው አልተርክም። የምጽፈው በቫውቸሬ ልከራየው ያገኘሁት ቤት ሊፈተሽ ስለነበረበት አንድ ሐሙስ ነው። የምጠቅሰው ሰዓት ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ጉዳዬን የያዘችው ሠራተኛችሁ፣ ኬዝ ወርከሬ፣ ደውላ "ኢንስፔክተሩ ሐሙስ ከጠዋቱ 9 እስከ 12 ሰዓት ይመጣል፤ አንቺ በር ክፈቺለት" አለችኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት። "አይቀርም፣ እኔው አረጋግጫለሁ" አለች። አመንኳት።

የምሠራው ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ነው። ያልሠራሁበት ቀን አይከፈለኝም። ሥራዬን ትቼ ከቤቱ ማኔጀር ቁልፍ ተቀብዬ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ባዶ ቤት ነው፣ ወንበር የለም። ነጠላዬን አንጥፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የጭስ ማስጠንቀቂያዎቹን ተጭኜ ሞከርኩ፤ ሁለቱም ጮኹ። ሙቅ ውሃው ይወርዳል። መስኮቶቹን አንድ በአንድ ከፍቼ ዘጋሁ። ሲያንኳኳ ሳልሰማ እንዳልቀር የመግቢያውን በር ገርበብ አድርጌ ተውኩት። 12 ሰዓት ሆነ። 1 ሰዓት ሆነ። ማንም ብቅ አላለም።

1 ሰዓት ከ40 ላይ ደወልኩ። "መጥቶ አንኳኩቷል፤ ሰው አልተገኘም ተብሎ ተመዝግቧል" ተባልኩ። በሩ ክፍት ነበር እኮ! ይህን ላስረዳ ስል ኬዝ ወርከሯ አቋረጠችኝ። "እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይዘሽ ደውዪ" ብላ ዘጋችብኝ።

ልጄ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ደወልንላችሁ። 11 ዓመቷ ነው። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ስትሰማ ቆየችና "እማዬ፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው እያለች ነው" አለችኝ። ይህን ከልጄ አፍ መስማት አልነበረብኝም። መቀበያ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ቋንቋዎን በጣት ያሳዩ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አማርኛም አለበት። በመጣሁ ቁጥር ጣቴን አሳርፌበታለሁ። አስተርጓሚ ያገኘሁት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ልጄ ከእንግዲህ ለእናንተ አታስተረጉምም።

ሌላ ቀጠሮ የተሰጠኝ ከ12 ቀን በኋላ ነው። አከራዩ አልጠበቀም፤ አልፈርድበትም። ቤቱ ተፈትሾ ካላለፈ ከእናንተ ኪራይ አይከፈለውም። ቀድሞውንም ስልኩን የሚያነሳለት አጥቶ፣ እኔ ከገቢዬ 30 በመቶ ያህሉን እንደምከፍል፣ ቀሪውን እናንተ በቀጥታ ለእሱ እንደምትልኩ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ቤቱን ለሌላ ሰው ሰጠው።

ከዚያ ደግሞ "የ60 ቀን የቤት መፈለጊያ ጊዜሽ ስላበቃ ቫውቸርሽ ተሰርዟል" የሚል ወረቀት ላካችሁልኝ። አራት ዓመት ተራ ጠብቄ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ።

ደንቡን የሚያውቅ ሰው አስነበብኩ። የፌዴራሉ ደንብ እንደሚለው፣ ቤት አግኝቼ የማጽደቂያ ቅጹን ካስገባሁበት ቀን ጀምሮ ጸድቋል ወይም አልጸደቀም ብላችሁ በጽሑፍ እስክታሳውቁኝ ድረስ ቀኑ መቆጠር የለበትም። ቅጹን ያስገባሁት በ41ኛው ቀን ነው፤ ማኅተማችሁ ያረፈበት ቅጂ አለኝ። 19 ቀን ይቀረኛል ማለት ነው። እናንተ ግን የራሳችሁን ኢንስፔክተር የጠበቅኩበትን ጊዜ ሁሉ በእኔ ላይ ቆጠራችሁት።

ካነሳሁት አይቀር፣ የደመወዝ ወረቀቴን ጠፋ እየተባለ ሦስት ጊዜ አስገብቻለሁ። ሁለት ትልልቅ አፓርትመንቶች "ሴክሽን ኤይት፣ ማለትም ቫውቸር፣ አንቀበልም" ሲሉኝም ለኬዝ ወርከሯ ተናግሬ ነበር። በቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ እንዲህ ያለው ክልከላ በሕግ የተከለከለ ነው። የሰጠችኝ መልስ "ሌላ ፈልጊ" ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ማመልከቻ 50 ዶላር የወጣው ከእኔ ኪስ ነው።

ስለዚህ 19ኙ ቀናት ይመለሱልኝ፤ ከእነሱም በላይ በእናንተ ጥፋት ላመለጠኝ ቤት የ30 ቀን ማራዘሚያ ይጨመርልኝ። "ሰው አልተገኘም" የሚለው ከፋይሌ ይታረም። ኬዝ ወርከር ይቀየርልኝ። የዚያን ሐሙስ የቀን ገቢዬንም እንድትተኩልኝ እጠይቃለሁ።

በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካላገኘሁ የቅጹን ቅጂና የዚያን ቀን የስልክ ጥሪ ዝርዝሬን ይዤ ወደ ነጻ የሕግ አገልግሎትና ወደ ፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ። መልሱ በጽሑፍና በአማርኛ ይሁንልኝ። በስልክ የተነገረኝን ከእንግዲህ አልቀበልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቫውቸሩ ባለቤት