ያራሷ እንገር መሬት ፈሶ፣ የላሟ በእንክብል

ውድ አዘጋጅ፦

ሰሞኑን የወንድሜ ሚስት ወልዳ ልጠይቃት ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ ወርጄ ነበር። ገንፎው ቀርቦ እየተጫወትን ስልኳን አቀበለችኝ። የቴሌግራም ማስታወቂያ ነው። የላም እንገር፣ ማለትም እንደወለደች መጀመሪያ የሚታለበው ወተት፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ እንክብል ሆኗል። «በሽታ የመከላከል አቅም ይገነባል» ይላል። ዋጋው ደህና በግ ይገዛል።

«ልግዛው እንዴ እትዬ?» አለችኝ።

የራሷን እንገር ግን ጠዋት ከጡቷ አልባ ደፍታዋለች። «ቢጫው ያደረ ወተት ነው፣ የልጁን ሆድ ይቆርጠዋል» ብለዋታል እናቷ። ልጁ የቀመሰው ቅቤ ነው።

እንገር እኛ ቤት ብርቅ አልነበረም። ላም ስትወልድ እናቴ ጥጃው ከጠባ በኋላ የተረፈውን ታልብና በድስት ታፈላዋለች። እንደ እንቁላል ይረጋል። ለጎረቤት ይላካል። ጾም ከሆነ ደግሞ ሙሉው ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይሄዳል፤ እኛ ልጆቹ እየተቁለጨለጭን። መድኃኒት ነው ያለን ግን አልነበረም፤ ስለሚጣፍጥ ነው።

መድኃኒትነቱ ለጥጃው ነው። የላም እንግዴ ልጅ በሽታ ተከላካይ ፕሮቲኖችን ለጽንሱ አያሳልፍም። ጥጃው ባዶ እጁን ይወለዳል። አንጀቱ እነዚያን ፕሮቲኖች ከእንገሩ እንዳሉ ወደ ደሙ የሚያስገባው ደግሞ ለ24 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ይዘጋል። የሰው ልጅ ግን ከእናቱ ደም ድርሻውን ይዞ ነው የሚወለደው። የአዋቂ ሆድ የላሟን ፕሮቲን እንደ ማንኛውም ምግብ ይፈጨዋል። አንጀት ውስጥ ለተቅማጥ የተሞከረበት ጊዜ አለ፤ ደም ውስጥ ገብቶ ዘብ ይቆማል ማለት ግን ሌላ ነው። የላም ወተት የማይስማማው ሰውማ ጭራሽ አይንካው። ሯጮችም አስቡበት፦ ዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች መድኃኒት ድርጅት (ዋዳ) እንገርን ባይከለክልም፣ በውስጡ ያሉት የእድገት ንጥረ ነገሮች የምርመራ ውጤት ሊነኩ ስለሚችሉ መውሰዱን አይመክርም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፣ እስከ 6 ወር ውሃም አይቅመስ ይላል። ያ ቢጫ ወተት የልጁን አንጀት ከውስጥ የሚጠብቅ ነው። ያውም በነፃ። የጤና ዓምዳችሁ አንድ ቀን ስለሱ ቢጽፍ ብዙ አያቶች ያነቡት ነበር፤ ባያነቡም የልጅ ልጅ ያነብላቸዋል።

ለአራሷ «ብሩን ዶሮ ግዢበት» አልኳት። ገና ሁለተኛ ቀኗ ስለነበር እንገሩ አላለቀም። ልጁን አንስታ ጡቷን አጎረሰችው። እናቷ ምንም አላሉም። የቅቤውን ስኒ ግን በእግራቸው ገፋ አድርገው አልጋው ሥር ከተቱት።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ