የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ስለ አንዲት ትንሽ ጉብታ

የመጽሔቱ ኮሚቴ ለእያንዳንዱ ክበብ ሁለት ሁለት ገጽ ሰጥቷል። የስፖርት ክበብ የራሱን በፎቶ ይሞላዋል፤ ዋንጫ አለው። የሚኒ ሚዲያን ድምፅ ደግሞ ሁላችሁም በየጠዋቱ ትሰሙታላችሁ። እኛ ዋንጫ የለንም። ድራማም አልሠራንም። የሳይንስ ክበብ ዘንድሮ የከረመው የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር በሚስል የምርመራ ወረቀት (ኢሲጂ) ላይ፣ ቲ ከሚባለው ሞገድ ቀጥላ በምትመጣ አንዲት ትንሽ ጉብታ ላይ ነው። ዩ ሞገድ ትባላለች። ብዙ ጊዜ ጭራሽ አትታይም።

«ለአንዲት ጉብታ ነው እንዴ ዓመት ሙሉ ላብራቶሪ የያዛችሁት?» ብሎ መምህራን ክፍል ውስጥ የተሳለቀብኝ ባልደረባ አለ። በፍቅር ነው። ቢሆንም መልስ ይገባዋል፤ ገጼንም በዚያው ላይ አጠፋዋለሁ።

ነገሩ የተነሳው ከክፍል ነው። ስለ ልብ ስንማር ሰሌዳው ላይ የተለመደውን መስመር ሳልኩ። ፒ፣ ኪውአርኤስ፣ ቲ። ፒ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በኤሌክትሪክ ሲነቃቁ የምትታይ ናት። ኪውአርኤስ የታችኞቹ ክፍሎች ሲነቃቁ ነው። ቲ ደግሞ እነዚያው የታችኞቹ ለሚቀጥለው ምት ራሳቸውን ሲመልሱ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት የ11ኛ ሐ ተማሪ እጇን አወጣች። የአያቷን የምርመራ ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንስታ ይዛ ኖሯል። «ቲቸር፣ ከቲ በኋላ ያለችው ትንሿስ?» አለች። ዩ መሆኗን ነገርኳት። «ከምንድን ነው የምትመጣው?» ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙበትም አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«አቦ ቲቸር! ልብ እስካሁን ተጠንቶ አላለቀም?» አለ አንዱ።

አላለቀም። መማሪያ መጽሐፋችን ሁሉን ነገር ያለቀለት አድርጎ ስለሚያቀርበው፣ ልጆቹ ያልተዘጋ ጥያቄ ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። የክበቡ የዓመት ሥራ በዚያው ተገኘ።

መጀመሪያ ታሪኩን አነበብን። ይህን መስመር ለሕክምና ያበረከተው ቪሌም አይንትሆቨን የተባለ የኔዘርላንድ ሰው ነው፤ ላይደን ከተማ ያስተምር ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሠራው ማሽን ክብደቱ 270 ኪሎ ገደማ ነው። እሱን ለማሠራት አምስት ሰው ይቆም ነበር። ታማሚው ሁለት እጁንና አንድ እግሩን ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ማሽኑ ከላብራቶሪ ንቅንቅ ስለማይል፣ በ1905 እ.ኤ.አ. ከሆስፒታሉ እስከ ላብራቶሪው 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል በስልክ ሽቦ የልብ ምልክት አስተላለፈ። በእኛዋ ድሬዳዋ ታማሚው ከዚራ ተቀምጦ ማሽኑ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ቢሆን እንደማለት ነው። ዩ ሞገድን አይቶ በፊደል የሰየማትም እሱው ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመ። ልጆቹ ከዚህ ሁሉ የወደዱት የጨው ውሃውን ነው። ከጽዳት ሠራተኞቻችን ባልዲ ተበድረው፣ እጅና እግራቸውን ነክረው ፎቶ ተነሱ። ባልዲው በሰላም ተመልሷል።

ቀጥሎ ክበቡን በሦስት ከፈልነውና እንዲሟገቱ አደረግን። አንደኛው ቡድን የፑርኪንዬ ክሮች ጠበቃ ሆነ። እነዚህ ክሮች የኤሌክትሪኩን መልእክት ወደ ታችኛው የልብ ጡንቻ የሚያዳርሱ ናቸው። ከተራው ጡንቻ ዘግይተው ስለሚያገግሙ፣ ዩ የእነሱ መዘግየት ናት ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ «ክሮቹ እኮ በጣም ጥቂት ናቸው፣ ደረት ላይ የሚታይ ምልክት ከየት አምጥተው?» አሏቸው። ሁለተኛው ቡድን ኤም ሴሎችን ያዘ። የልብ ግድግዳ መሐል ላይ ያሉ፣ ከውስጡም ከውጩም ሽፋን ዘግይተው የሚያርፉ ሴሎች ናቸው። ተመራማሪዎች የገለጿቸው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ይሄም ቀዳዳ አለው። እነዚህ ሴሎች ሲያርፉ የሚያልቀው ቲ ራሱ ነው የሚል ሙግት አለ፤ እንዲያ ከሆነ ለዩ ምን ተረፋት? ሦስተኛው ቡድን የፊዚክስ ልጆች ናቸው። ልብ ጨምቃ ስትጨርስ ትላላለች፣ በደም ትሞላለች፣ ግድግዳዋም ይለጠጣል። መለጠጡ ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል ብለው ተከራከሩ። ጊዜው ይገጥምላቸዋል። ያንን በሕያው ሰው ልብ ላይ ለይቶ ማሳየት ግን ቀላል አይደለም።

እኔ ለማንም አልፈረድኩም። ልቤ ግን ወደ ሦስተኛው ያደላል፤ ልጆቹም አውቀውብኛል።

የየሳምንቱን ስብሰባ አልዘረዝርም። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ። ግማሹ ጊዜ የላብራቶሪ ቁልፍ ስንፈልግ ነው ያለፈው።

ልዘረዝረው የምፈልገው ሴንሰሩን ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ኤዲ 8232 የሚባለውን የልብ ምልክት አንባቢ አርዱይኖ ከሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ጋር ላከልን። የልብን ምልክት የሚቀበል ሦስት ኤሌክትሮድ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ መስመሩ ላፕቶፕ ላይ ይወጣል። ላፕቶፑ ከሶኬት ተነቅሎ በባትሪ ብቻ ነው የሚሠራው። የሰው ገላ ላይ ሽቦ ለጥፎ ከግድግዳ መብራት ጋር ማገናኘት በክበባችን ክልክል ነው፤ ወላጆች ይህን ልብ በሉልኝ። ኪውአርኤስ ወጣ፣ ቲ ወጣች። ሁሉም ላይ ግን ጥቅጥቅ ያለ መንቀጥቀጥ ተደርቦበታል። በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው 220 ቮልት በሰከንድ 50 ጊዜ (50 ኸርዝ) ይወዛወዛል፤ የሰው ገላ ደግሞ እንደ አንቴና ይቀበለዋል። ሽቦ ጠመዘዝን፣ ወንበር ቀየርን። ምንም።

አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ቬንትሌተሩ ቆመ። የድሬን የከሰዓት ሙቀት ለምታውቁት አልነግራችሁም። ልጆቹ ቦርሳቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ አንዱ «ቆይ ቆይ! እዩት!» ብሎ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ጠርቷል። መንቀጥቀጡ የለም። ትንሿ ፒ እንኳ ለብቻዋ ቁጭ ብላለች። የሃምሳ ኸርዙ ጫጫታ ከመብራቱ ጋር አብሮ ሄዷል። ከዚያ ቀን ወዲህ መብራት ሲጠፋ ሌላው ተማሪ ወደ ግቢ ሲወጣ የእኛዎቹ ወደ ላብራቶሪ ይሮጣሉ። መብራት ስለጠፋ የሚደሰት ክበብ በከተማው ውስጥ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ይህን ግን ጄኔሬተር ላለመግዛት ሰበብ እንዳታደርጉት።

ዩ ግን በዚያም አልታየችም። እሷ ከሁሉ የተሻለ የምትታየው ደረት ላይ፣ ቪ 2 እና ቪ 3 በሚባሉት ቦታዎች ነው። ቁመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከቲ ሩብ አይበልጥም። ልብም ዝግ ብላ ካልመታች አብዛኛውን ጊዜ አትገለጥም። ለዚህ እውነተኛ ማሽን ያስፈልጋል። ስለዚህ ሆስፒታል ሄድን።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የባጃጁን ከኪሳችን አወጣን፤ የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ሁልጊዜም እንደሚሆነው «ጎማ» ነበረበት። ፈቃደኛው ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ አንድ ልጅ ዞረ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሙቀቱ ሳይነሳ ማለዳ በሳቢያን ሰፈር በኩል የሚሮጥ ልጅ። ክፍል ውስጥ ድምፁን የሰማ ጥቂት ነው፤ ማርኩም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚወራለት አይደለም። ክበቡ ውስጥ የገባው ጓደኛው ጎትቶት ነው። የክንድ ምት ስንቆጥር ግን የሁላችንም ሲጣደፍ የእሱ ዝግ ያለ ሆኖ ተገኘ። ወላጆቹ ፈቀዱ።

አልጋው ላይ ተጋደመ። ደረቱ ላይ ኤሌክትሮዶቹ ተለጠፉ። ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር እየተጎተተ ወጣ። ምቱ በደቂቃ 52። ሐኪሟ ወረቀቱን ቀደው ለልጆቹ ሰጡና ምንም ሳይሉ ጠበቁ። የ11ኛ ሐ ልጅ ማስመሪያዋን አውጥታ ቪ 3 ላይ ጎነበሰች። ቲ አለቀች። መስመሩ ወረደ። ከዚያ ለስለስ ብላ ክብ ያለች ነገር ከፍ አለች። «አለች! አለች!» ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ያንን ሁሉ ወር ሲጨቃጨቁባት የነበረች ጉብታ ናት። ተቃቅፈው ሲዘሉ ነርሶቹ ዞር ብለው አዩን።

ሯጩ ከአልጋው ቀና ብሎ «በሽታ ነው?» አለ። ሐኪሟ ጤነኛ መሆኑን፣ ልባቸው ዝግ ብላ በምትመታ ወጣቶች ላይ ይህ የተለመደ መሆኑን ነገሩት። ዝም አለ። ከዚያ ሳይጠበቅ «ብሮጥስ ትጠፋለች?» አለ።

ሐኪሟ ኤሌክትሮዶቹን ነቅለው «ና ሞክረው» አሉት። ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሮጠ፣ ቁጭ ብድግ ሠራ። ላቡ ሳይደርቅ እንደገና ተለካ። ምቱ ከመቶ አልፏል። ወረቀቱ ላይ ቲ እንዳለቀች የሚቀጥለው ምት ፒ ደርሳ ተጣብቃባታለች። ለዩ ቦታ የለም። ልጁ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ አያቸው። «ስሮጥ የለችም። ሳርፍ ትመጣለች» አለ። ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ያንኑ ለሹፌሩ ሲያስረዳው ሰማሁ። በእጁ አየር ላይ እየሳለ። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ጠይቄው ቀና የማይል ልጅ ነው።

የ11ኛ ሐዋ ደግሞ የሐኪሟን ማዳመጫ ተውሳ ነበር። የልብ ሁለተኛው ድምፅ፣ «ደብ» የሚለው፣ ቲ ከምታልቅበት አካባቢ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ቀና ብላ «ስለዚህ ዩ የምትመጣው ልብ መላላት ስትጀምር ነው ማለት ነው አይደል? አንቺ የትኛው ቡድን ነሽ?» አለቻቸው። ድሬ ነውና «አንቺ» ማለቷ ማንንም አላስደነገጠም። ሐኪሟ ሳቁና ለሦስተኛው ቡድን ጊዜው እንደሚያግዘው፣ ነገር ግን ጊዜ መግጠሙ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ነገሯት። የፊዚክስ ልጆች የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የሰሙት።

ከመውጣታችን በፊት ስሙ የተሸፈነ ሌላ ወረቀት አሳዩን። ብዙ ተቅማጥና ትውከት የነበረበት፣ ፖታሲየሙ የወረደ ሰው ነው። ቲ ተኝታለች፤ ዩ ደግሞ በላይዋ ገዝፋለች። ሁለቱ ሲጣበቁ ልምድ የሌለው ሰው አንድ ሞገድ አድርጎ ሊለካቸው ይችላል። አንዳንድ የልብ መድኃኒቶችም ዩን ያጎሏታል። ተገልብጣ ወደ ታች ስትወርድ ደግሞ የደም ግፊት ያደከመው ወይም በቂ ደም የማይደርሰው ልብ ምልክት ልትሆን ትችላለች። ትንሽ ናት ብለው የሚያልፏት ይህን ሁሉ ያልፋሉ።

ይሄ የፖታሲየም ነገር ትምህርት ቤታችን ድረስ መጣ። ከሚኒ ሚዲያ ጋር ሆነን በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ስለ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ተናገርን። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚያጣው ውሃና ጨው ብቻ እንዳልሆነ፣ አንዱ ሊትር ውስጥ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ያለው ለዚያ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው አስረዱ። ከመስመሩ ኋላ የሚያወሩት እንኳ ዝም ብለው ነበር። ርዕሰ መምህራችን ምስክሬ ናቸው።

የከሸፈም አለ። ከግቢ ውጭ በቀረብንበት አንድ ውድድር ከመጀመሪያው ዙር አላለፍንም። አንደኛው ዳኛ «መደምደሚያ የለውም» አሉ። ልክ ናቸው፤ የለውም። የሰው ልጅም እስካሁን የለውም። የሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አልቀው ያገለገሉትን በፕላስተር እያሰርን ተጠቀምን። የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ለብሔራዊ ፈተና ሲዘጋጁ ክበቡ ሳሳ። ላብራቶሪያችን ውስጥ ያለው የሰው አጽም ሞዴል አሁንም ቀኝ እጅ የለውም፤ ጥያቄው በጽሑፍ ከገባ ቆይቷል።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የሚለጠፍ ኤሌክትሮድ በካርቶን፣ ሌላ አንድ ሴንሰር፣ ሁለት የልብ ማዳመጫ። የወላጅ መምህር ኅብረት ለዋንጫ መደርደሪያ ከያዘው በጀት ጥቂት ቢቆርስልን ይበቃናል፤ መደርደሪያው እንደሆነ ገና ግማሹ ባዶ ነው። አሮጌ ባለ 12 መስመር የልብ መመርመሪያ ማሽን የጣለ ክሊኒክ የሚያውቅ ወላጅ ካለ ወረቀት ባይኖረውም እንወስደዋለን። ፈቃደኛ ሐኪምና ነርስ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ቢሰጠን ልጆቹ ጥያቄ አያጡም። ከሰዓት በኋላ ባዮሎጂ ላብራቶሪ ታገኙኛላችሁ፤ ቁልፉ ከተገኘ።