የምግብ ቤት ንድፍ ከኪራይ ውሉ ይቅደም

ክቡር አዘጋጅ፤

በአዲስ አበባ ትንንሽ ምግብ ቤቶች የሚከፈቱበት ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። ለመኖሪያ የተሠራ ግቢ ወይም የኮንዶሚኒየም የምድር ወለል ሱቅ ይከራያል፣ የወራት ኪራይ በቅድሚያ ይከፈላል፣ ጂፕሰሙና ሴራሚኩ ያልቃል፤ ባለቤቱ ወደ ንድፍ ባለሙያ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ለፈቃዱ ፕላን አምጣ ሲባል ነው። በዚያ ሰዓት ከባለሙያው የሚፈለገው ያለውን ቤት ለክቶ ማኅተም ማሳረፍ ብቻ ሲሆን፣ ማኅተሙን የሚሸጥ የሙያ ባልደረባም እንደማይጠፋ መሸሸግ አይገባም።

የሕግ ክፍተት አለ ብዬ አላምንም። በ2001 ዓ.ም. ከወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ጀምሮ ሕጉ አዲስ ሕንፃ ለመሥራት ብቻ ሳይሆን የነበረውን አገልግሎት ለመለወጥም ፈቃድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረውም ያዝዛል። ችግሩ የአገልግሎት ለውጡን መጠየቅ የሚችለው ካርታው በስሙ ያለው አከራይ መሆኑ ነው፤ አከራዩ ደግሞ ግብሩንና የይዞታ ጥያቄውን ስለሚፈራ እሺ አይልም። ተከራዩ ግን የንግድ ፈቃዱንና የብቃት ማረጋገጫውን ለማግኘት በየቢሮው ይንከራተታል።

ባለቤቶች ንድፍን እንደ ቅንጦት የሚያዩት የቤት ማስዋብ ስለሚመስላቸው ይሆናል፤ ጉዳዩ ያለው ግን ጓዳ ውስጥ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። ሁለት ምጣድ፣ ማቀዝቀዣና የቡና ማሽን ለመኖሪያ ቤት በተዘረጋ መስመር ላይ ሲጫኑ ብሬከሩ ይወድቃል። የሚጠራው ኤሌክትሪሺያን ብሬከሩን በትልቅ ይቀይረውና ይሄዳል፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ግን እንደነበረ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ጭነቱን በጊዜ የሚቆርጥ ነገር ስለሌለ ሽቦው ከኮርኒሱ በላይ ሲግል ማንም አያይም።

በቅርቡ ያየሁት አንድ ቁርጥ ቤት ማድ ቤቱ የቀድሞው ሰርቪስ ቤት ነው። የጋዝ ሲሊንደሩ ከላቫንዲኖው ሥር ተቀምጧል፣ አጠገቡ የከሰል ምድጃ ይነዳል፣ ያለችው አንዲት መስኮት ከጣሪያው ሥር ናት። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለሉን ይዞ ይተኛል እንጂ ወደዚያች መስኮት አይወጣም፤ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ሽታ የለውም። የጓሮው በር በቁልፍ ተዘግቶ የቢራ ሳጥን ተደርድሮበታል፤ ስለዚህ እሳት ቢነሣ ማድ ቤት ያሉት ሴቶች መውጫቸው በመመገቢያው ክፍል በኩል ብቻ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ መንገዶች ዳር የምግብ ቤቶች ፊት በመስታወትና በመብራት ሲያምር ደስ ብሎኛል፤ ለዚያ ከወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ግን ሲሊንደሩን ውጭ አየር በሚያገኝ የብረት ሳጥን ለማስቀመጥና የጓሮውን በር ለማስከፈት በበቃ ነበር።

በአንጻሩ ስድስት ጠረጴዛ ያላትን ሽሮ ቤት እንደ ፎቅ ሕንፃ ሙሉ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ሰነድ አቅርቢ ማለት ባለቤቷን ወደ ማኅተም ሻጩ መግፋት ነው። ስለዚህ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ከኪራይ ውሉ በፊት ቤቱ ለምግብ ቤት መሆን አለመሆኑን በመጠነኛ ክፍያ አይተው በጽሑፍ ቢያሳውቁ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የሕንፃ ሹም፣ የንግድ ጽሕፈት ቤቱና የብቃት ማረጋገጫ ሰጪው አንዱን ሥዕል በጋራ ቢመለከቱ፣ የሙያ ማኅበራትም የመውጫ በርን፣ የጭስ ማውጫን፣ የጋዝ ማስቀመጫንና የቅባት ማቆያ ጉድጓድን የሚያሳዩ ጥቂት ሞዴል ንድፎች አዘጋጅተው በነፃ ቢያሰራጩ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከሁሉ የሚቀድመው ግን የመጀመሪያው ነው፤ ኪራዩን ከፍሎ የጨረሰ ሰው ግድግዳ አፍርስ ቢባል የሚያፈርስበት ገንዘብ የለውም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አርክቴክት፣ ከአዲስ አበባ