በእንግሊዝኛው ብሬክፈስት (ቁርስ) ውስጥ ያለው «ፋስት» ፈጣን አይደለም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ በቀደም ከትምህርት ቤት ሲመለስ «እማዬ፣ ብሬክፈስት ማለት ቶሎ የሚበላ ምግብ ነው፣ ፋስት ፈጣን ስለሆነ» አለኝ። መምህሩ ናቸው አሉ እንዲህ ያሉት። በጣም ከነከነኝ።

እዚህ ያለው ፋስት ጾም ነው! ብሬክ ደግሞ መስበር። ሌሊቱን ምንም ሳይቀምሱ ያደሩበትን ጾም ጠዋት መግደፍ ማለት ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ የታየው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ልጆቹን የሚያሳስታቸው አነባበቡ ይመስለኛል፤ ለብቻው ብሬይክ የሚባለው ሲጣመር ያጥራል፣ ፋስትም ፈስት ይሆናል፣ እና ሁለቱ ቃላት ተዋውጠው ይጠፋሉ። እርግጥ ሁለቱ ፋስቶች ዘመዳሞች ናቸው። የጥንት ትርጉሙ ጽኑ፣ የጠበቀ ማለት ነበር፤ ጾምም ራስን አጥብቆ መያዝ ነው። ፍጥነቱ በኋላ የመጣ ነው።

ታዲያ ጅማ ላይ ይህን ማስረዳት ምን ይከብዳል? ረመዳን ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ «አፈጠራችሁ?» ይባባላል፤ ኢፍጣርም በዓረብኛ ጾም መፍታት ነው። ለፋሲካ እኛ እንፈስካለን። የራሳችን ቁርስስ ቢሆን ቆረሰ ከሚለው አይደል የመጣው? እዚህ ዳቦው ይቆረሳል፣ እዚያ ጾሙ ይሰበራል። መምህራን እባካችሁ ከዚሁ ከቤታችን ተነሱና አስረዷቸው። ልጄ ይህን ከነገርኩት ወዲህ ቡና እስካፈላ እንኳ አላስቀመጠኝም፣ «ሌላ ቃል ፍቺልኝ» እያለ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ከጅማ