ስለ እናትህ አበላል

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የመንዝ ውርጭ ብቻ ዘንድሮ ጠንክሯል። እናትህ ለሳንባ ሕመሟ ክትትል ደብረ ብርሃን ስትመጣ አንተ ዘንድ መሰንበቷ ስለሆነ ስለ አበላሏ ልጽፍልህ ፈለግሁ። መድኃኒቷን ታውቀዋለህ። ምግቡ ግን ከመድኃኒቱ እኩል የሚያሳስብ ጉዳይ ነው።

ሲጋራ አፏ ገብቶ አያውቅም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የኩበት ጭስ ስትምግ የኖረች ሴት ናት። ጎረቤቱ ሁሉ «በሽታው አመነመናት» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሳንባው የታመመ ሰው ለመተንፈስ ብቻ የሚያወጣው ጉልበት ከጤነኛው ይበልጣል፣ የሚበላው ደግሞ ያንሳል። ሰውነት የጎደለውን ከጡንቻ ይወስዳል። አየር የሚስበውም ጡንቻ ነውና እሱ ሲከሳ ትንፋሿ ይብስባታል፤ ትንፋሿ ሲብስ ደግሞ መብላት ያቅታታል። ስለዚህ መክሳቷን እንደ ዕጣ ቆጥረን ዝም ልንል አይገባም።

ስትበላ ልብ ብለህ እያት። ትጎርሳለች፣ ታኝካለች፣ ከዚያ እጇን ትሪው ጠርዝ ላይ አሳርፋ ታቆማለች። ሰው ሲውጥ ትንፋሹ ለአፍታ ይቋረጣል፤ እሷ ያቺን አፍታ ለማካካስ ነው የምታርፈው። የጠገበች መስሎህ ገበታውን እንዳታነሳባት። ሰው ጨርሶ ሲጠብቃት ታፍራለችና አንተም አብረሃት ቀስ ብለህ ብላ።

ሦስቴ ሞልቶ ከማቅረብ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይሻላታል። ሆድ ከሞላ ሳንባ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። ከመብላቷ በፊት አረፍ ትበል፣ ቀና ብላም ትቀመጥ። ውሃው ከምግቡ ጋር ሳይሆን በመሃል በመሃል ይሁን፤ አክታዋን ስለሚያቀጥንላት ግን አይጓደልባት። የለስላሳ መጠጥና ጥቅል ጎመን ሆዷን ይነፋታል። በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ከወሰደች በኋላ አፏን በውሃ ትጉመጥመጥ፤ አለዚያ አፏ ይቆስልና ምግብ ያስጠላታል። እግሯ ካበጠ ጨው ቀንስ፣ ለሐኪሙም ንገር።

የሚያስፈልጋት መጠኑ ትንሽ፣ ጉልበቱ ብዙ የሆነ ምግብ ነው። ጭኮ ልኬላታለሁ፤ ገብስና ቅቤ ስለሆነ ሁለት ጉርሻው ይበቃታል። አጥሚቷን በወተት አድርጉላት፣ እንቁላልም አይለያት። ሽሮው ቢነፋት መጠኑን ቀንስ እንጂ ጨርሰህ አትከልክላት፤ ገንቢ ነው።

የሚያስቸግርህ ጾሙ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ወተቱም እንቁላሉም ቅቤውም አንድ ላይ ይቀራል፣ ያውም እስከ ቀትር ባዶ ሆድ። የነፍስ አባታችንን አነጋግሬ «የታመመ ይብላ» ብለዋል፤ ቤተ ክርስቲያንም በሽተኛን አታስጨንቅም። እናትህ ግን በልጅነቷ የጀመረችውን ጾም መተው ከሕመሙ በላይ ይከብዳታል፤ እኔም ይገባኛል። አትጣላት፣ ለምናት። ፍስኩን እምቢ ካለች ቢያንስ ሰዓቱን ትተው፣ ጠዋት ትቅመስ። የጾሙን ምግብ በተልባ፣ በሱፍ፣ በለውዝ አዳብርላት፤ ቅባት እንዳያንሳት ነው። አተርና ምስሩም ከማዕዷ አይጥፋ።

ምግብ ሲሠራ ከጭሱ ራቅ ብላ ትቀመጥ። ቡናው ሲፈላ ዕጣኑ ይቅር፣ ቡናውን ግን አትንፈጓት።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ መዝናትና ጻፈው። ክብደቷ እየቀነሰ ከመጣ የቀጠሮዋን ቀን ሳትጠብቅ ውሰዳት፤ ለእኔም በዚያው ዕለት ደውልልኝ።

አባትህ