ለአባቴ፦ ስለ ተማሪዎቹ ጭውውት ከባሕር ዳር

ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? የወገብዎ ሕመም ቀለል እንዳለልዎት እማዬ ነግራኝ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ተማሪዎቻችን በጣና ዳር በተደረገው ፌስቲቫል ላይ ያቀረቧቸውን ጭውውቶች ሰዉ እንዴት እንደ ተቀበላቸው ደጋግመው ጠይቀውኝ ነበርና፣ በስልክ ቆራርጬ ከምነግርዎት በሰፊው ልጽፍልዎት ወደድሁ።

መድረኩ የተተከለው ሐይቁን ከጀርባው አድርጎ ሲሆን ተመልካቹ በሣሩ ላይ ፊቱን ወደ ውኃው መልሶ ተቀምጦ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ስለሚነፍስ የልጆቹ ድምፅ እስከ መጨረሻው ረድፍ ይደርስ ነበር፤ ሲመሽ ግን ነፋሱ አቅጣጫውን ለወጠ፣ የድምፅ ማጉያውም ደካማ ስለ ነበር ከኋላ ያሉት ሰዎች የፊተኞቹን እያዩ ዘግይተው መሳቅ ጀመሩ። የመጨረሻውን ጭውውት ያቀረቡት ልጆች «አልተወደደልንም» ብለው አዝነው አገኘኋቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ ስለ ነበር ችግሩ የመሰማት እንጂ የመወደድ እንዳልነበረ አስረዳኋቸው፤ እንዳመኑኝ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ከሁሉ ይልቅ ሊነገርዎት የሚገባው የእምቦጩ ጭውውት ነው። በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ መታየቱ የተነገረለትን ያን አረም ልጆቹ ሐምራዊ ቀሚስ የለበሰች እንግዳ አድርገው አቀረቡት። ባለቤቶቹ በመጀመሪያ «ቤት ለእንግዳ» ብለው ተቀበሏት፣ አበባዋንም አደነቁላት፤ እሷም «ዘመዶቼ መንገድ ላይ ናቸው» እያለች በሩ በተከፈተ ቁጥር ሌላ ባለ ሐምራዊ ቀሚስ ታስገባለች። በመጨረሻ ባለቤቶቹ መቀመጫ አጥተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ወጣቶቹ ገና ከአለባበሷ ጀምረው ይስቁ ነበር። አረሙን በእጃቸው ሲነቅሉ የከረሙት የሐይቁ ዳር ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ግን እጃቸውን አጣምረው ዝም ብለው ያዩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ በችግራቸው የተቀለደባቸው መስሏቸው እንዳይሆን ሰግቼ ነበር።

ሁኔታው የተለወጠው ኮሚቴው ሲገባ ነው። ኮሚቴው እንግዳዋን ሊያስወጣ መጣ፣ ወንበር ጠየቀ፣ ምሳ በላ፣ ቤቱን በሜትር ለካ፣ ከዚያም «በቀጣይ አቅጣጫ እናስቀምጣለን» ብሎ ወጣ። ይህን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከመካከል ተነሥተው «እሱስ እውነት ነው!» ብለው ጮኹ። እንግዳዋን የምትጫወተው ልጅ አልደነገጠችም፤ ጫጫታው እስኪበርድ ጠብቃ፣ ወደ እሳቸው ዞር ብላ «አባቴ፣ እርስዎም ቤት ገብቼ የለ?» አለቻቸው። ሽማግሌውም «መረቤን ውጠሽ!» ብለው ሲመልሱላት ሣሩ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ገበሬዎቹም ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። ኮሜዲያኖቹ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በበዓል ፕሮግራም በቴሌቪዥን ሲቀርቡ እርስዎ «ዝም ሲሉ እዩአቸው» ይሉን የነበረው ትዝ አለኝ። ያቺ ልጅ ዝም ማለቱን ታውቅበታለች።

ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ባለሥልጣናትም ነበሩ። ኮሚቴው ምሳ ሲበላ አንዱ ከት ብለው ሳቁ፣ ጎረቤታቸው ግን ዘወር ብለው አዩአቸውና ሳቁ ተቋረጠ፤ በመጨረሻ ሁሉም አጨበጨቡ። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» በመኳንንቱ ፊት ከታየ በኋላ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መታገዱን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የፊተኛው ረድፍ ማጨብጨቡ ለእኔ ትንሽ ነገር አልነበረም፣ ልጆቹም ይህን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ሌላው ጭውውት ከገጠር የመጣ ተማሪ ግቢ በገባበት ቀን የሚያጋጥመውን የሚያሳይ ነበር። የዶርም ልጆች በጣም ሳቁ። እኔ ግን አጠገቤ የተቀመጡትን እናቶች አይ ነበር፤ ተዋናዩ የገጠሩን ልጅ አነጋገር አጋንኖ ባስመሰለ ቁጥር አንዷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ያስጠጉ ነበር፣ ሌላዋም ልጃቸውን በዓይናቸው ይፈልጉ ነበር። ያ ሳቅ ብዙ ነበር፣ ነገር ግን ደስ አላለኝም። በእርግጥ ጭውውቱ መልካም ሐሳብ አለው፤ ልጁ ሻንጣውን ይዞ ሦስት ቢሮ ተመላልሶ በመጨረሻ መጀመሪያ ወደ ጠየቀው ቢሮ የሚመለስበት ክፍል እናቶቹንም ጭምር አስቋል። እዚያ የተሣቀው በቢሮዎቹ ላይ ስለ ነበር ማንም አንገቱን አልደፋም። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ተዋናዩ ራሱ ከጎጃም ገጠር፣ ከቋሪት አካባቢ የመጣ በመሆኑ «የራሴን አፍ ነው የተናገርሁት» አለኝ፤ መልሱ አሳሰበኝ፣ ሐሳቤን ግን አላስለወጠኝም።

ልጆቹ ይህንኑ ጭውውት አስተካክለው እንደገና ሊያቀርቡት አስበዋል። እርስዎ በትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ሲመሩ ከየገጠሩ የመጡትን ልጆች በአነጋገራቸው ሳያሳፍሩ እንዴት ያስቁ እንደ ነበር ቢጽፉልኝ፣ ደብዳቤዎን በልምምዱ ላይ አነብላቸዋለሁ። መጻፉ ከከበደዎት ለእማዬ ነግረው ታስጽፍልኝ።

አክባሪ ልጅዎ