ለጊታርሽ ፒክአፕ ከመግዛትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጊታርሽን በስፒከር ለማሰማት ፒክአፕ (ጊታሩ ላይ ተገጥሞ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ዕቃ) ልግዛ ወይስ ማይክ ይበቃኛል ብለሽ ለጠየቅሽኝ በደንብ ልመልስልሽ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው፤ በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም። «የትኛው ድምፁ ያምራል?» ከሚለው አትጀምሪ። መጀመሪያ የሚጠየቀው አጠገብሽ ያሉት ምን ያህል ይጮኻሉ የሚለው ነው። ብቻሽን የምትዘምሪበት ትንሽ ክፍልና ድራም፣ ቤዝና ኪቦርድ ያለበት የመዘምራን መድረክ አንድ ዓይነት ዕቃ አይፈልጉም። ክፍል ውስጥ ከሁሉ አምሮ የተሰማው፣ መድረክ ላይ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያፏጨው ነው።

ከማይክ ልጀምር። የጊታሩን እውነተኛ ድምፅ የሚያሰማው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ጊታር የሚጮኸው በቀዳዳው ብቻ ሳይሆን በፊት ጣውላው በሙሉ ነው፤ ያን ሁሉ አንድ ላይ የሚሰማው ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመ ማይክ ነው። ትንሽ ዲያፍራም ያለው ኮንደንሰር ማይክ ይሻላል። 48 ቮልት ፋንተም ፓወር፣ ማለትም ከሚክሰሩ በማይኩ ገመድ የሚላክ ኤሌክትሪክ፣ ስለሚፈልግ የአዳራሹ ሚክሰር ያ ቁልፍ እንዳለው አስቀድመሽ እዪ። ከሌለው ሹር ኤስ ኤም 57 የሚባለው ማይክ ያለ ፋንተም ይሠራል፤ የክሩን ቀጭን ድምፅ ግን እንደ ኮንደንሰሩ አያወጣውም። ማይኩን ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አርቀሽ አንገቱ ከገላው ወደሚገናኝበት፣ ወደ 12ኛው ወይም 14ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ወዳለው የብረት መስመር) አነጣጥሪው። ወደ ቀዳዳው አታዙሪው። እንዳንቺው ባለ ትልቅ ገላ ጊታር ውስጥ ያለው አየር 100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ንዝረት) አካባቢ በራሱ ያስተጋባል፤ ቀዳዳው ፊት የተተከለ ማይክ የሚይዘው ያንን ጉምጉምታ ነው። ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ገደማ ስለሚቀንስ፣ ስትዘምሪ የምትወዛወዢ ከሆነ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይልብሻል። ቁጭ ብለሽ መጫወት ይህን ያቃልለዋል።

ድራም ከገባ ግን ማይክን ተዪው። ማይኩ ድራሙንም ይሰማል፤ አንቺ እንድትሰሚ ሞኒተሩ (መድረኩ ላይ ወደ አንቺ የዞረው ስፒከር) ከፍ ሲል ደግሞ ማይኩ የሞኒተሩን ድምፅ መልሶ ይወስድና ዙሩ ማፏጨት ወይም ማጓራት ይሆናል። ጊታር ላይ የሚከፋው ጣውላው ራሱ በስፒከሩ ድምፅ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። የግድ በማይክ መጫወት ካለብሽ የሞኒተሩን ቦታ በማይኩ ዓይነት ምረጪ፦ ካርዲዮይድ ማይክ በደንብ የማይሰማው ልክ ከጀርባው ያለውን ነው፤ ሱፐርካርዲዮይድ ግን ከጀርባው ጥቂት ይሰማል፣ የማይሰማው ከፊቱ ተቆጥሮ 126 ዲግሪ አካባቢ በግራና በቀኝ ያለውን ነው።

አሁን ወደ ፒክአፑ። ሦስት ዓይነት ልታገኚ ትችያለሽ።

ሱቅ ውስጥ በብዛት የምታዪው ከሳድሉ ሥር፣ ማለትም ክሮቹ ብሪጁ (ገላው ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት) ላይ ከሚያርፉባት አጥንት ሥር የሚገባው ፓይዞ፣ ግፊትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ፣ ነው። ክሩ ሲጫን የሚሰማው ግፊት ነው፤ ስለዚህ ማፏጨትን ከማይክ በጣም በተሻለ ይቋቋማል። ጉድለቱ በኃይል ስትመቺ የሚያወጣው የፕላስቲክ ዓይነት ደረቅ ድምፅ ነው። አንቺ ደግሞ ቀኝ እጅሽ ጠንካራ ነው። አገጣጠሙም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የፒክአፑ ውፍረት ሳድሉን ወደ ላይ ስለሚገፋው ክሮቹ ከጣትሽ ይርቃሉ፤ ስለዚህ ውፍረቱን በካሊፐር ለክቶ ያንኑ ያህል ከሳድሉ ግርጌ መሞረድ ያስፈልጋል። የሚሞረደው ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ መስታወት ላይ፣ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በእጅ ይዞ ከተሞረደ ግርጌው ይጎብጣል፣ ከዚያ አንዱ ክር ይጮኻል፣ ሌላው ይጠፋል። አንድ ክር ደከመ ሲሉሽ ዕቃው ተበላሽቷል ብለሽ ቶሎ አትመልሺው፤ መጀመሪያ የሳድሉን ግርጌና ሳድሉ የሚገባበትን ቦይ ወለል አስዪ፤ እንጨት ፍርፋሪ ወይም ሙጫ ቀርቶበት ይሆናል። ሳድሉ ቦዩ ውስጥ በጣቶችሽ ገብቶ የሚወጣ መሆን አለበት። በግድ የሚገባ ከሆነ ጎንና ጎኑ ተይዞ ፒክአፑን በደንብ አይጫነውም።

ሁለተኛው ከብሪጁ ሥር፣ በጊታሩ ውስጥ በኩል የሚለጠፉት ክብ የፓይዞ ዲስኮች ናቸው። ኬ ኤንድ ኬ ፒዩር ሚኒ የሚባለው ሦስት ዲስኮች አሉት፤ ባትሪ አይፈልግም። የጣውላውን መንቀጥቀጥ ስለሚይዝ ድምፁ ከሳድል ሥሩ ይልቅ እንጨት እንጨት ይላል፤ እኔ ከፓይዞዎቹ ይህን እመርጣለሁ። ዲስኮቹ በየሁለት ክሩ መካከል፣ በሳድሉ ትይዩ፣ በሱፐር ግሉ ይለጠፋሉ። ሥራው የሚሰምረውም የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። እንጨቱ አስቀድሞ ከአቧራ ይጠረግ፤ የክር ጫፎች የቧጨሩት ቦታ ካለ ይስተካከል። በወፍራምና ለስላሳ ማጣበቂያ የተለጠፈ ዲስክ ቀጭኑን ድምፅ ያፍነዋል። ጣውላውን ስለሚሰማ ግን ከድራም ጋር ቤዙ ቶሎ ይጮህበታል።

ሦስተኛው በቀዳዳው ላይ የሚታሰረው ማግኔት ነው። ኤል አር ባግስ ኤም 1 እና ፊሽማን ሬር ኧርዝ ከታወቁት ናቸው። በአብዛኛው የሚሰማው የብረቱን ክር መንቀጥቀጥ ስለሆነ፣ በጩኸት መሃል ከሦስቱ ይበልጥ የሚታገሠው እሱ ነው። በሁለት ብሎን ስለሚታሰር ጊታርሽን መብሳት አይጠይቅም፤ ገመዱን በቀዳዳው አውጥቶ መጫወት ይቻላል። ድምፁ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር ያደላል፤ እሱን ታገሺው። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ የብሮንዝ ክር የተጠመጠመበት ብሮንዝ ለማግኔት ምንም ነው፤ የሚሰማው ውስጡ ያለው ብረት ብቻ ነው። 1ኛውና 2ኛው ክር ደግሞ ሙሉ ብረት ስለሆኑ፣ በተለይ 2ኛው፣ ከሌሎቹ ጎልተው ይወጣሉ። ፒክአፑ ለየክሩ የሚዞር ብሎን ካለው የ2ኛውን ዝቅ አድርጊው፤ ከሌለው በኒኬል የተጠመጠመ ክር ሚዛኑን ያቀራርበዋል። የናይለን ክር ባለው ጊታር ላይ ማግኔት ጨርሶ አይሠራም። ክራር የምትጫወተው ጓደኛሽም ክሯ ናይለን ከሆነ፣ ለእሷ የሚሆናት የሚለጠፈው ዲስክ ነው፤ ማሲንቆም የፈረስ ጭራ ስለሆነ እንደዚያው።

ብዙ ሰው ውድ ፒክአፕ ገዝቶ «ቆርቆሮ ይመስላል» የሚለው ግን ከፒክአፑ ሳይሆን ከሚሰካበት ቦታ ነው። ይህን በደንብ ያዢልኝ። ባትሪ የሌለው ፓይዞ በኤሌክትሪክ አሠራሩ ትንሽ ካፓሲተር (ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ነው፤ የሚሰካበት ዕቃ የግቤት ኦም (ለኤሌክትሪኩ ያለው ተቃውሞ) ካነሰ ቤዙ ይቆረጣል። የካፓሲተር መጠኑ 1 ናኖፋራድ የሆነ ፓይዞ ወደ 10 ሜጋኦም ግቤት ሲሰካ ቤዙ መቀነስ የሚጀምረው 16 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ምንም አይጎድልም። 1 ሜጋኦም ሲሆን ቅነሳው ከ160 ኸርዝ በታች ይጀምራል፤ የወፍራሙ ክርሽ ድምፅ ደግሞ 82 ኸርዝ ነው። የሚክሰሩ ላይን ግቤት 10 ኪሎኦም ከሆነ 16,000 ኸርዝ ድረስ ይቆረጣል፤ የሚተርፈው የክሩ ጩኸት ብቻ ነው። የኬ ኤንድ ኬ ዲስኮች ትልልቅ ስለሆኑ 1 ሜጋኦም ይበቃቸዋል። ስለዚህ ባትሪ ከሌለው ፓይዞ ጋር አብሮ የሚገዛው ፕሪአምፕ፣ ድምፁን ሚክሰሩ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያጠነክረው ዕቃ፣ ነው፤ የኤል አር ባግስ ፓራ አኩስቲክ ዲ አይ 10 ሜጋኦም ግቤት አለው። ተራ ፓሲቭ (ኤሌክትሪክ የማይፈልግ) ዲ አይ ቦክስ፣ ጊታሩን ከሚክሰሩ የማይክ ግቤት ጋር የሚያገናኘው ሣጥን፣ ግን ወደ 140 ኪሎኦም የሚጠጋ ነውና ለብቻው አይበቃም። ከጊታሩ እስከ ፕሪአምፑ ያለው ገመድ ከ5 ሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ሚክሰሩ በኤክስ ኤል አር (ባለ ሦስት እግር የማይክ) ገመድ ይሂድ።

የትኛውን ትገዢ ካልሽኝ፦ ለመዘምራኑ መድረክ ማግኔቱን፣ ብቻሽን ለምትዘምሪበት ማይኩን። ጊታሩን ሳትበሺ ሁለቱም ይሆኑልሻል፤ ዲስኮቹን በኋላ መጨመር ይቻላል። አጎትሽ ከውጭ ሲመጣ የሚይዝልሽ ከሆነ የቀዳዳውን ስፋት ለክተሽ ላኪለት፤ በአብዛኛው 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከዚያ ያነሰ ካለሽ ግን አንዳንዱ ማግኔት አይገባም።

ጃኩ (ገመዱ የሚሰካበት) በጊታሩ ግርጌ ይገጠም ካልሽ የትከሻ ማሰሪያዋ የምትያዝበትን ቁልፍ ቀዳዳ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ማስፋት ያስፈልጋል። ባለሙያው በተራ የትራፓኖ ፑንታ እንዳይሞክረው ንገሪው፤ ፑንታው ነባሩን ቀዳዳ ሲይዝ ይነክስና እንጨቱን ይሰነጥቃል። ደረጃ ባለው ፑንታ ወይም በእጅ በሚዞር ማስፊያ፣ ቀስ በቀስ ነው። ባትሪ ያለው ዓይነት ከሆነ ጃኩ ማብሪያም ነው፤ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ባለ 9 ቮልቱ ባትሪ ይበላል፣ ስለዚህ ተጫውተሽ ስትጨርሺ ንቀዪው። ድምፁ መሻከር ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው።

የኤሌክትሪኩን ነገር በጣም እለምንሻለሁ። እጅሽ የጊታሩን ክር፣ ከንፈርሽ ማይኩን እየነካ ነው የምትዘምሪው። የጊታር አምፕሊፋየሩና ሚክሰሩ በተለያየ ሶኬት ከተሰኩ፣ አንዱ ደግሞ የመሬት ሽቦው ያልተያያዘ ከሆነ፣ 220 ቮልቱ በአንቺ በኩል መንገድ ሊያገኝ ይችላል። ሁለቱንም ከአንድ የመሬት ሽቦ ካለው ማከፋፈያ አሰኪ። ጉምጉምታ ለማጥፋት ብሎ የመሬቷን እግር የሚቆርጥ ሰው ካለ አትፍቀጂለት፤ ለዚያ ዲ አይ ቦክሱ ላይ ያለችው የግራውንድ መቁረጫ ቁልፍ አለች። ከንፈርሽን ሲነዝርሽ ወዲያው አቁሚ፤ ሳይስተካከል አትቀጥዪ።

ድምፅ ስትፈትሹ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ሁሉ ይቁረጡልሽ። ማጓራት ከመጣ ጠቅላላውን ድምፅ ከመቀነስ በፊት ፕሪአምፑ ወይም ሚክሰሩ ላይ ያለውን የፌዝ ቁልፍ (የድምፁን ሞገድ የሚገለብጠውን) ገልብጪው፤ ብዙ ጊዜ እሷ ብቻ ትበቃለች። ካልበቃች ከ100 እስከ 200 ኸርዝ ባለው ውስጥ የሚያጓራውን ፈልገው ጠባብ አድርገው ይቁረጡት። ዲስኮቹን በኋላ ካስለጠፍሽ ደግሞ፣ ማግኔቱን አውጥተሽ ስትጫወቺ ማጓራቱን እንዲቀንስልሽ የቀዳዳውን ላስቲክ ክዳን ግዢ፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

የቀዳዳውን ልክ በዚህ ሳምንት ላኪልኝ፤ አጎትሽ ጋ እኔ እደውላለሁ።

አባትሽ